ከፈንታሌ እስከ ዶፈን፦ የሳተላይት መረጃ በአንድ የመሬት መንቀጥቀጥ አደጋ ውስጥ ምን ሠራ?

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ፣ በመተሐራና በዱለሳ አካባቢ መሬት ለወራት ሲንቀጠቀጥ ከረመ። አዲስ አበባም ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በሌሊት ልጆቹን ይዞ ደረጃ የወረደበት ጊዜ ነው። ያን ሰሞን ሁሉም የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነበር፦ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» እና «ይብሳል ወይስ ያበቃል?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ ጥርት ያለውን መልስ የሰጠው ከ693 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚያልፍ የራዳር ሳተላይት ነው። ለሁለተኛው ግን ሳተላይቱም መልስ አልነበረውም። በአገራችን የሳተላይት መረጃ በአደጋ ጊዜ የት ድረስ እንደሚያደርስና የት ላይ እንደሚያቆም ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም። የሰው ስም አልጠቅስም፤ የማተኩረው በሥራው ላይ ነው።

ቦታው

ፈንታሌ ከመተሐራ ከተማ አጠገብ፣ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ያለ እሳተ ገሞራ ነው። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ አለት አፍስሷል። በመንገዱ ያለፈ ሁሉ ግራና ቀኝ ጥቁሩን ድንጋይ አይቶታል። ዶፈን ደግሞ ከፈንታሌ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአፋር ክልል ገቢ ረሱ ዞን ይገኛል። ሁለቱም ያሉት በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ነው። ሸለቆው በዚህ በኩል በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል።

አካባቢው ባዶ ሜዳ አይደለም። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አስፋልትና የባቡር ሐዲድ በዚሁ ያልፋሉ። የመተሐራና የከሰም የሸንኮራ እርሻዎች አሉ። የከሰም ግድብ አለ። በየዓመቱ እየሰፋ መንገድና ሐዲድ ያስቀየረው የበሰቃ ሐይቅም እዚያው ነው። የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብት ይዘው ይዘዋወሩበታል።

አገሪቱ እንዲህ ዓይነት ነገር ስታይ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በሰሜን አፋር ዳባሁ አካባቢ መሬቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት ተከፈተ። ስፋቱ አንዳንድ ቦታ 8 ሜትር ደረሰ። ያኔም መጠኑን ያሳወቀው የራዳር ሳተላይት ነበር። ፈንታሌ ራሱም እ.ኤ.አ. በ2015 ለተወሰነ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ነበር። ከመሬት በታች ቅልጥ አለት ገብቶ እንደነበር ግን የታወቀው ዘግይቶ፣ የሳተላይት ምስሎቹ ሲተነተኑ ነው። ያ ጥናት በ2017ቱ አደጋ ጊዜ ትልቅ ስንቅ ሆኗል።

ችግሩ

መንቀጥቀጡ የጀመረው በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ ነው። መስከረም 26 ምሽት መጠኑ 4.9 የሆነ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ነቀነቀ። ከዚያ ጋብ አለ። «አለፈ» ተባለ። ታኅሣሥ 12 ገደማ እንደገና ተነሣ፤ በዚህኛው ዙር ደግሞ በቀን ብዙ ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 25 በዶፈን ተራራ ሥር መሬቱ ተሰንጥቆ እንፋሎት፣ ጋዝና ጭቃ መትፋት ጀመረ። ቪዲዮው በአንድ ቀን አገር አዳረሰ። በማግስቱ ሌሊት፣ ታኅሣሥ 26፣ እንደ መዝጋቢው ተቋም ከ5.5 እስከ 5.8 የተለካ መንቀጥቀጥ ሆነ። የካቲት 7 ደግሞ 6.0 ገደማ የደረሰ መጣ።

የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ ቦታና መጠን ይነግራል። ነገር ግን በአካባቢው ያሉት መሣሪያዎች ጥቂት ሲሆኑ ቦታው በኪሎ ሜትሮች ሊሳት ይችላል። ከዚያም በላይ፣ የሚናወጠው አለት ተሰንጥቆ ብቻ ነው ወይስ ከሥሩ ቅልጥ አለት እየተጓዘ ነው የሚለውን ከመንቀጥቀጡ ብቻ ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ልዩነቱ የባለሙያ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ስንጥቅ ብቻ ከሆነ ትልቁ ሥጋት የቤት መደርመስ ነው። ቅልጥ አለት ከሆነ ግን እሳተ ገሞራ ሊከተል ይችላል፤ የሚነሣው ሕዝብም፣ የሚሄድበት አቅጣጫም ይለያያል።

መልስ በጠፋበት ቦታ ወሬ ገባ። «ነገ በዚህ ሰዓት ይፈነዳል» የሚል መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። እንዲህ ያለ ሰዓት ጠርቶ መናገር የሚችል ሰው በዓለም ላይ የለም። ግን ቤቱ ለተሰነጠቀበት ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

ከላይ የታየው

ዋናው መሣሪያ ሴንቲኔል-1 የተባለው የአውሮፓ የራዳር ሳተላይት ነው። ምስሉ በነጻ ይገኛል። ራዳር ስለሆነ ደመናም ጨለማም አያግደውም። በእኛ አገር የሚያልፈው በማለዳና በምሽት፣ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ወደ መሬት ሞገድ ይልካል፣ ተመልሶ የመጣውን ይመዘግባል። ከ12 ቀን በኋላ በዚያው መስመር ተመልሶ ያንኑ ያደርጋል። ሁለቱ ምስሎች ሲነጻጸሩ መሬቱ በመካከሉ ወደ ሳተላይቱ ቀርቦ ወይም ርቆ እንደሆነ ይታወቃል። ዘዴው ኢንሳር ይባላል።

ውጤቱ በቀለም የተሞላ ካርታ ነው። ከሰማያዊ ተነሥቶ በቢጫና በቀይ አልፎ ወደ ሰማያዊ ሲመለስ አንድ ዙር ይባላል። አንዱ ዙር 2.8 ሴንቲ ሜትር እንቅስቃሴ ማለት ነው። ካርታው ላይ ምንም ካልተንቀሳቀሰበት ቦታ ተነሥቶ ዙሮቹን እየቆጠሩ ወደ መሐል መሄድ ነው። 10 ዙር ከተቆጠረ መሬቱ 28 ሴንቲ ሜትር ሄዷል። የፈንታሌ ካርታዎች ላይ ዙሮቹ መሐሉ ጋ ሲደርሱ ከመብዛታቸው የተነሣ እርስ በርስ ተጣብቀው ይጠፋሉ። እዚያ ቦታ ላይ መቁጠር አይቻልም። በዚያ ጊዜ ባለሙያው ሌላ ዘዴ ይጠቀማል፤ የሁለቱን ምስሎች ነጠብጣብ እያስተያየ መሬቱ ስንት ሜትር እንደሸሸ ይለካል።

የታየው ቅርጽ የማያሻማ ነበር። በአንድ ረዥም መስመር ግራና ቀኝ መሬቱ ተገፍቶ ከፍ ብሏል፣ ተራርቋልም። መሐሉ ደግሞ ሰምጧል። ይህ የዳይክ ምልክት ነው። ዳይክ ማለት ቅልጥ አለት ከተጠራቀመበት ጎተራ ወጥቶ ከመሬት በታች ቀጥ ብሎ እንደቆመ ስስ ግድግዳ እየሰነጠቀ ሲገባ ነው። መጀመሪያ በፈንታሌ ዙሪያ ነበር። በታኅሣሡ ዙር ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ዶፈን ተዘረጋ። በድምሩ ርዝመቱ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ደረሰ። መሬቱ አንዳንድ ቦታ ከአንድ ሜትር በላይ ተከፍቷል። በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ለሚሰፋ ሸለቆ ይህ የ200 ዓመት ድርሻ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ወጣ።

በዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ። እየተጓዘ ያለው ቅልጥ አለት ነው። አቅጣጫውም ታወቀ።

ምን ተደረገ

ትንተናው በአንድ እጅ አልተሠራም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ለዓመታት መንቀጥቀጥ የሚመዘግበው ተቋም ነው። የኅዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም አለ። በውጭ በተለይ በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ፣ ከእነዚህ ጋር ለረዥም ጊዜ አብረው የሠሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። ሳተላይቱ ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይወርዳል፣ ይተነተናል፣ ከመንቀጥቀጡ ነጥቦች ጋር በአንድ ካርታ ይቀመጣል። የመስክ ቡድኖች ደግሞ ስንጥቁን፣ የፍል ውኃውንና የሚወጣውን እንፋሎት በአካል ሄደው አዩ።

ሌሎች ሳተላይቶችም የየድርሻቸውን አዋጡ። ሴንቲኔል-2 የተባለው በዓይን የምናየውን ዓይነት ምስል በየአምስት ቀኑ ያነሣል፤ ሙቀት የጨመረበትን ወይም እንፋሎት የወጣበትን ቦታ ለመከታተል ይረዳል። ጋዝ የሚለኩት ደግሞ ማንም ያልጠበቀውን አሳዩ። በጥር ወር ከፈንታሌ አፍ ብዙ ሚቴን እየወጣ ነበር። ጥር 23 አንድ የግል ሳተላይት በሰዓት 58 ቶን ለካ። ሚቴን ቀለምም ሽታም የለውም። በአጠገቡ ቆሞ የሚያይ ሰው ምንም አያውቅም ነበር።

በመንግሥት በኩል ነዋሪዎችን ከአደጋው ቀጠና የማውጣት ሥራ ተጀመረ። ከታኅሣሥ 26 ጀምሮ የወጡት ቁጥሮች ግን አንድ ዓይነት አልነበሩም። የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ጉዳት በደረሰበት አካባቢ 80 ሺህ ገደማ ሰው እንዳለ ገለጸ። የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በበኩሉ ለአደጋ የተጋለጠው ከ51 ሺህ በላይ መሆኑን፣ ከእነዚህም ከ20 ሺህ በላዩ እንደተነሣ ተናገረ። ሰዉ በአፋርም በኦሮሚያም በኩል ወደ ጊዜያዊ መጠለያ ሄደ። ቁጥሮቹ ለምን እንደተለያዩ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱ ከሳተላይት ጋር የተያያዘ ነው።

የሠራው

ትልቁ ነገር ጥርጣሬን መቁረጡ ነው። «ቅልጥ አለት ሊሆን ይችላል» እና «ቅልጥ አለት ነው፣ በዚህ መስመር ላይ ነው» በውሳኔ ሰጪ ጆሮ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ቀበሌ ለይቶ ለማንሣት ያስችላል። አለዚያ ወይ ሁሉንም ማንሣት ነው፣ ወይ ማንንም አለማንሣት።

ሁለተኛው የቆየ ክምችት መኖሩ ነው። ሴንቲኔል-1 እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ እዚያ ቦታ ላይ እያለፈ ምስል ሲያከማች ነበር። ስለዚህ «መሬቱ ከዚህ በፊት እንዴት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ማነጻጸሪያ ፍለጋ መሯሯጥ አላስፈለገም። አንድ ሰው አደጋ ከደረሰ በኋላ መጀመሪያ የሚመኘው የትናንቱን ምስል ነው። እዚህ ላይ የትናንቱ ምስል ነበረ።

ሦስተኛው የሰዎች ትውውቅ ነው፤ እኔ ከሁሉም የማከብረው ይህን ነው። ከዳባሁ ጊዜ ጀምሮ አብረው የመስክ ሥራ የሠሩ፣ አብረው ጽሑፍ ያሳተሙ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች ስልክ ለመደዋወል ፈቃድ አልጠበቁም። የኢንሳር ካርታ ማውጣት የሚችል ኢትዮጵያዊ ባለሙያ በ1998ና በ2017 መካከል አገር ውስጥ ተፈጥሯል። ያ የሃያ ዓመት ልፋት ውጤት ነው።

ያልሠራው

ጊዜው። ሴንቲኔል-1 መጀመሪያ ሁለት ሳተላይት ነበረው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ተበላሽቶ ቀረ። ምትኩ የተወነጨፈው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2024 ነው፤ ለሥራ ገና አልደረሰም ነበር። ስለዚህ አደጋው የመጣው በአንድ ሳተላይት ላይ ነው። በአንዱ መስመር ላይ ተመልሶ እስኪመጣ 12 ቀን ነው። ሁለቱን የማለፊያ አቅጣጫዎች በማዳቀል ክፍተቱ ይጠባል፤ ቢሆንም ቀናት ናቸው። ዳይክ ግን በሰዓታት ውስጥ ኪሎ ሜትሮች ሊሄድ ይችላል። ካርታው ሲወጣ የሚያሳየው ያለፈውን ነው። በመካከሉ ያለውን ክፍተት የሚሞላው ያው የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያውና መሬት ላይ ተተክሎ የመሬቱን መንቀሳቀስ የሚለካው ጂፒኤስ ነው፤ እነሱ ደግሞ ጥቂት ናቸው።

ሸንኮራው። ኢንሳር ደረቅ መሬትና ድንጋይ ይወዳል። የፈንታሌ ጥቁር ድንጋይ ላይ ካርታው እንደ መስታወት ነው። የሸንኮራ እርሻው ላይ ግን ምንም አያሳይም። ሸንኮራው ያድጋል፣ ይታጨዳል፣ ውኃ ይጠጣል፤ በ12 ቀን ውስጥ ሌላ መልክ ይይዛል። ሁለቱ ምስሎች አይመሳሰሉም፣ ካርታው ላይ የሚቀረው ዝብርቅርቅ ያለ ነጠብጣብ ብቻ ነው። የሚያሳዝነው ሠራተኛና ካምፕ፣ ቦይና መንገድ ያለው እዚያ መሆኑ ነው።

ግድቡም የራሱ ጉዳይ ነበረው። ሰዉ ስለ ከሰም ግድብ በጣም ተጨንቋል፤ መጨነቁም አግባብ ነበር። ሳተላይቱ በዙሪያው ያለው መሬት ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ይነግራል። ግድቡ በውስጡ ውኃ እያሰረገ እንደሆነና እንዳልሆነ ግን አይነግርም። ለዚያ ግድቡ ላይ የተተከለ መለኪያና በየቀኑ የሚያነበው ሰው ያስፈልጋል።

ወደ ቁጥሮቹ ልመለስ። ማን ይነሣ የሚለውን ለመወሰን ማን የት እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል። አሁን አሁን ከሳተላይት ምስል ጣሪያ ቆጥሮ የሕዝብ ብዛት መገመት የተለመደ ሆኗል። ከተማ ላይ ይሠራል። አፋር ላይ ግን ዳቦይታው፣ ማለትም ተነቃዩ የአፋር ቤት፣ ተነቅሎ ግመል ላይ ተጭኖ ይሄዳል። በበጋ ግጦሹ ወዳለበት፣ ውኃው ወዳለበት ነው። ጣሪያው የተቆጠረው ባለፈው ዓመት ከሆነ፣ ሰውየው ዛሬ ሌላ ወረዳ ነው። በተቃራኒው፣ ባዶ የሚመስለው ሜዳ ላይ ዛሬ መቶ አባወራ ከነከብቱ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቁት የጎሳ መሪዎቹ ናቸው። የሚነሣውን ሰው ዝርዝር ለማዘጋጀት ከየትኛውም ምስል ይልቅ የእነሱ ቃል ይበልጣል። በምስል የተገመተው፣ በወረዳ የተመዘገበውና በመጠለያ የተቆጠረው ሦስት የተለያየ ቁጥር ቢሆን አይገርምም።

የቤት ጉዳትም እንዲሁ። 10 ሜትር ጥራት ያለው ነጻ ምስል የተሰነጠቀ ግድግዳ አያሳይም። ጣሪያው ቆሞ ግድግዳው የላላ ቤት ከላይ ሲታይ ጤነኛ ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የመሬት ምልከታ ሳተላይት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ከቻይና የተወነጨፈችው፣ የ13.7 ሜትር ጥራት ያላትና በተራ ብርሃን የምታነሣ ነበረች። ለእርሻና ለደን የተሠራች ናት። ከእሷ የመሬት መንቀሳቀስ ልኬት መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

በመጨረሻ፣ «ይፈነዳል ወይ?» ዳይኩ ሳይፈነዳ ቀረ። እንፋሎትና ጭቃ ወጣ፣ ቅልጥ አለቱ ግን ከመሬት በታች ቀዝቅዞ ሊቀር ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረ ምስል የለም። ለተነሣው ሕዝብ ደግሞ ይህ ከባድ ነው። ከብቱን ትቶ፣ ማሳውን ትቶ መጠለያ ገብቶ፣ «ያልተፈጠረ ነገር» የሸሸ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ተነሡ ሲባል ላይነሣ ይችላል።

ለሌላ ቦታ የሚሆን

ካርታ ከተንታኙ ወጥቶ ቀበሌ እስኪደርስ ያለው መንገድ አስቀድሞ መሠራት አለበት። በቀለም ዙሮች የተሞላው ካርታ ለቀበሌ ሊቀ መንበር ምንም አይለውም። እሱ የሚፈልገው «እኛ ጋ ይደርሳል ወይ? በየት በኩል እንሂድ? እስከ መቼ?» ለሚለው መልስ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ካርታ ጋር በአማርኛ፣ በአፋርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ አንድ ገጽ መውጣት አለበት፦ ምን ታየ፣ ምን አልታየም፣ የሚቀጥለው ምስል መቼ ይመጣል። የመጨረሻዋ መስመር ወሬን ትቀንሳለች። ሰው የሚቀጥለው መረጃ ሐሙስ እንደሚመጣ ካወቀ እስከ ሐሙስ ይታገሣል።

እርግጠኛ ያልሆነውን ከመደበቅ መናገር ይሻላል። «ሊፈነዳም ላይፈነዳም ይችላል፤ የምናነሣችሁ ስለማናውቅ ነው» የተባለ ሰው ሳይፈነዳ ሲቀር አልተታለለም። በመጠለያ የሚያድር ሰው ከብቱን ማን እንደሚጠብቅለት አብሮ ካልተነገረው ግን ይህም አይበቃም።

የሳተላይት በጀት ሲያዝ የምድሩ መሣሪያ በጀት አብሮ ይያዝ። ኢንሳር በ12 ቀን አንዴ የሚያየውን ጂፒኤስ በየሰከንዱ ያየዋል። ሁለቱ አይተካኩም። ነጻ ምስል በመገኘቱ ምድር ላይ ያለው መሣሪያ ሲዘነጋ እጅግ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ነጻ የሆነው ምስሉ እንጂ ሰዓቱ አይደለም።

በአፋር ያለውን የኃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ጉዳይ እዚህ ላይ ማንሣት አለብኝ። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ኤርታሌ ሲፈነዳ ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ኃይሊ ጉቢ ሥር መጓዙ በራዳር ታይቷል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ኃይሊ ጉቢ ራሱ ፈነዳ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ወጥቶ በየመንና በኦማን አልፎ ሕንድ ደረሰ፤ በረራዎች ተሰረዙ። የአመዱን መንገድ ሳተላይት በተከታታይ ሲከታተል ነበር። ለአውሮፕላን ማስጠንቀቂያው በሰዓታት ውስጥ ወጣ፣ የሚያወጣው ማዕከልና የሚቀበለው አካል የታወቁ ናቸው። በአፍዴራ በኩል አመድ በግጦሹና በውኃው ላይ ለወረደበት አርብቶ አደር ግን እንዲህ ያለ የተዘረጋ መንገድ የለም። ምስሉ ለሁለቱም አንድ ነበር።

ለአፍዴራ፣ ለዱለሳና ለአዋሽ ፈንታሌ ወረዳዎች የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ በስም የሚታወቅ ተቀባይ፣ ሌሊትም የሚነሣ ስልክ፣ ምስል በመጣ ቁጥር የሚደውል ተንታኝ፣ በየመንደሩ ወሬውን ከአፍ ወደ አፍ በዳጉ የሚያደርስ ሰው። ዳጉ በአፋር ከሳተላይት በፊት የነበረ የመረጃ መረብ ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግራል። ተንታኙ ለዳጉ የሚሆን ሦስት አረፍተ ነገር ማዘጋጀት ከቻለ፣ ካርታው የመጨረሻዎቹን ሃያ ኪሎ ሜትሮች በራሱ ይሄዳል።